ስለ ተሰነጠቀ ጥርስ

ከገብስ ቆሎ መካከል ከለቃሚ እጅ ያመለጠችውን ጠጠር በድንገት የነከሰ ሰው፣ ሕማሙ ለጊዜው ቢተወውም፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለስላሳ እንጀራ ሲያላምጥ እንኳ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ ያዝሁት ሲሉት ደግሞ ጨርሶ የሚሰወር ስቃይ ይመላለስበታል፤ የትኛው ጥርሱ እንደ ሆነ ቢጠይቁትም አንድ ጊዜ የላዩን፣ አንድ ጊዜ የታቹን መንጋጋ እያመለከተ ይቸገራል። ካሜሮን የተባለው የጥርስ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. «የተሰነጠቀ ጥርስ ሕማም» የሚል ስያሜ የሰጠው ለዚህ ስውር ደዌ ነው።

ኤናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ልባስ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን እንደ መሆኑ መጠን፣ በሰው አካል ከሚገኘው ሁሉ የጸና ነው፤ ዳሩ ግን ይህን ልባስ የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ብቅ ሲል ስለሚያልፉ፣ የተሰበረ አጥንት በወጌሻ እጅ ታስሮ እንደሚገጥም፣ የተሰነጠቀ ጥርስ ራሱን ሊጠግን አይቻለውም። ስንጥቁ ልባሱን አልፎ ዴንቲን ወደሚባለው ውስጠኛ አካል ሲዘልቅ፣ በዚያ እጅግ ጥቃቅን ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ስንጥቁ በተከፈተና በገጠመ ቁጥር ይናወጣል፤ ነርቩም ይቆጣል። ስለዚህም ሕማሙ ብዙ ጊዜ የሚበረታው በሚነክሱበት ሳይሆን ንክሻውን በሚለቁበት ቅጽበት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በጠጠር ላይ መጫን አይገባም። በሰፊው ተቦርቡሮ የተሞላ የመንጋጋ ጥርስ ግድግዳው ስለሚሳሳ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ የቢራ ጠርሙስ በጥርሱ የሚከፍት ጎልማሳም ትርፉ ይኸው ነው። በእንቅልፍ ልብ ጥርስ ማፋጨትም አለ፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ሐቅየ ስነንን፣ ማለትም ጥርስ ማፋጨትን፣ ለኃጥአን ያድርጉት እንጂ፣ በሌሊት ከሚያፋጩት ብዙዎቹ ደጋግ ሰዎች ናቸው።

ራጅ ሁልጊዜ አይረዳም፤ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ከጎን የሚመጣው ጨረር ፊት ለፊት እንጂ በቀጭን ጠርዙ አያገኘውምና፣ ጥርሱ በሥዕሉ ላይ ነውር የሌለበት መስሎ ይታያል። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም በጥርሱ ጉብታዎች ላይ በየተራ ቀጭን እንጨት እያስነከሰ ይጠይቃል፤ ብርሃንም ከጎን ያበራበታል፤ በደኅና ጥርስ ውስጥ የሚሰራጨው ብርሃን ከስንጥቁ ሲደርስ ይቋረጣል። እኔ ግን ከመሣሪያው ሁሉ የሕመምተኛውን ጥንቁቅ ምስክርነት አስቀድማለሁ።

በልባሱ ላይ ብቻ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ብዙ ጊዜ ሕክምና አያሻቸውም። ከዚያ ላለፈው፣ እንደ በርሜል ቀለበት ዙሪያውን ይዞ የሚያጸና ሽፋን ይደፋበታል፤ ሐኪሞቹ ዘውድ ስለሚሉት፣ ጥርስ በደዌው ይነግሣል ማለት ነው። ሕማሙ እስከ እምብርቱ ዘልቆ ከሆነ አስቀድሞ የታመመው ነርቭ ተጠርጎ ይወጣል፤ እስከ ሥሩ ለሁለት የተከፈለውን ግን ከመንቀል በቀር አማራጭ እምብዛም የለም። ከሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ በሌላው ወገን ማላመጥ ይበጃል፤ የቅርንፉድ ዘይትም ለጊዜው ያደነዝዛል፤ አስፕሪን በድድ ላይ ማኖር ግን በሕማሙ ላይ ቁስል ይጨምራል።