የፕሮስቴት ካንሰር ቅድመ ምርመራ፦ ጥቅሙና ጉዳቱ



ፕሮስቴት ከወንዶች ፊኛ በታች የሚገኝ ዕጢ ነው። «ፒ.ኤስ.ኤ» የተባለው የደም ምርመራ ካንሰሩን ምልክት ሳያሳይ ሊጠቁም ይችላል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የ23 ዓመት የአውሮፓ ክትትል፣ ለምርመራው ከተጠሩ 456 ወንዶች አንዱ በዚህ ካንሰር ከመሞት መዳኑን አሳይቷል።

ጉዳቱስ? ውጤቱ በዕጢው ማበጥ ወይም በኢንፌክሽንም ከፍ ይላል። ደግሞም አንዳንዱ ካንሰር አዝጋሚ ነው፤ ዕድሜ ልክ ላይጎዳ ይችላል። ሕክምናው ግን ሽንት መቆጣጠር ሊያሳጣና ሰውየውን በውዱእና በትዳሩ ሊያስጨንቀው ይችላል።

ስለዚህ የ2018ቱ የአሜሪካ መመሪያ፣ ምልክት የሌለው ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለ ወንድ ከሐኪም ጋር ተማክሮ ራሱ እንዲወስን፣ ከ70 ጀምሮ ግን ቅድመ ምርመራው እንዲቀር ይመክራል። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው ቀደም ብሎ ያማክር።

ሽንቱ የሚያስቸግረው ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ወረታ ላይ ወደ መድኃኒት ቤት መጥቶ «የሽንት ኪኒን ስጪኝ» የሚል አባት አይጠፋም። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሳ፣ ሽንቱ የሚቆራረጥበት ወይም ደም የሚታይበት ሰው ኪኒን ገዝቶ ከመመለስ ይልቅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ልጆችም «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሐያእ ከሕክምና አያስቀር።

አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን!