ሐኪምን በመንግሥት ሆስፒታል ማቆየት፦ የጅዳና የመካ ሁኔታ

ሳውዲ አረቢያ የራሷን ሐኪሞች ማስተማር የጀመረችው ዘግይታ ነው። የመጀመሪያው የሕክምና ኮሌጅ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) በሪያድ ተከፈተ። የጅዳው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ በ1975 ሥራ ሲጀምር፣ የመካው ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። ሆስፒታሎቹን ያንቀሳቅሱ የነበሩት ከግብፅ፣ ከሱዳን፣ ከሶርያ፣ ከፓኪስታንና ከህንድ የመጡ ሐኪሞች ናቸው፤ ኮሌጆቹ ከተከፈቱ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ከሐኪሞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። የውጭው ሐኪም ኮንትራቱ ሲያልቅ ይሄዳል፤ የአገሩ ልጅ ደግሞ ወዴት እንደሚያዘነብል ገና ተማሪ ሳለ መታየት ይጀምራል።

ትምህርቱ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው፤ እንዲያውም ተማሪው በየወሩ የኪስ ገንዘብ ይቀበላል። ስድስት ዓመት ተምሮ አንድ ዓመት በኢንተርንነት ይሠራል። እውነተኛው ማነቆ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስፔሻሊቲ ለመማር በ1992 የተቋቋመው የሳውዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን የሚያዘጋጀውን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የፈተናው ውጤት፣ የዩኒቨርሲቲ ነጥብና የታተመ ምርምርን የመሰሉ ሥራዎች ተደምረው ተማሪው የሚመደብበትን ቦታ ይወስናሉ። በዚህ የተነሳ ለነጥብ ሲባል ብቻ የሚጻፍ ምርምር በዝቷል፤ ሳይንሱ ከዚህ ብዙ ያተረፈ አይመስልም። የተመራቂው ቁጥር ከሥልጠናው ቦታ በላይ ሲያድግ ደግሞ ቦታ ያጣው ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ በግል ክሊኒክ ይቀጠራል፣ አለዚያም ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል።

በምርጫ ረገድ የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምናና የሕፃናት ሕክምና ብዙ ፈላጊ አላቸው። ቆዳ፣ ዓይንና ራዲዮሎጂ የሌሊት ተረኝነታቸው ቀለል ያለ፣ የግል ገበያቸውም የደራ በመሆኑ ፉክክሩ የበረታ ነው። በ2016 ይፋ የሆነው የአገሪቱ የለውጥ ዕቅድ ‹‹ራዕይ 2030›› በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጠውን አገልግሎት ለማጠናከር አጥብቆ የሚፈልገው የቤተሰብ ሐኪምን ነው፤ ከተማሪው ምኞት ሲታይ ግን ይህ ሙያ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው አይደለም።

ጅዳና መካ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ቢራራቁም ለሐኪም እኩል አይደሉም። ጅዳ የባሕር ዳር የንግድ ከተማ ናት፤ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው የንጉሥ ፈይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል ቅርንጫፍ አለባት፣ ትልልቆቹ የግል ሆስፒታሎችም እዚያው ናቸው። በ1978 የተመሠረተው የዶክተር ሱለይማን ፈቂህ ሆስፒታል ባለቤት ኩባንያ በ2024 አክሲዮኑን ለሕዝብ እስከ መሸጥ ደርሷል። ልምድ ያለውን ስፔሻሊስት ከመንግሥት ሆስፒታል የሚስበው ይህን የመሰለ ገበያ ነው።

በመካ ደግሞ ሥራውን የሚወስነው ሐጅ ነው። ከታላቁ መስጊድ አጠገብ ያለው የአጅያድ ሆስፒታል፣ የኑር ስፔሻሊስት ሆስፒታልና የንጉሥ አብዱላህ የሕክምና ከተማ ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩ፣ በሚናና በዓረፋት ያሉት ሆስፒታሎች ሙሉ አቅማቸውን የሚጠቀሙት በሐጅ ሰሞን ነው፤ ሐኪሞችም ከየክፍለ ሀገሩ በጊዜያዊነት ይመደቡባቸዋል። በ2024 ሐጅ፣ በበረታው ሙቀት፣ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በሙቀት የተመታ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ውኃና ማራገቢያ አዘጋጅቶ ሰውነቱን በፍጥነት ማቀዝቀዝ ነው። ለወጣት ሐኪም ይህን የመሰለ ልምድ በሌላ ከተማ አይገኝም፤ ድካሙም እንደዚያው።

ከሁለቱ ከተሞች ውጭ፣ በደቡብ በኩል እንደ ቁንፉዛ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ ሐኪም ማቆየት ይበልጥ ይከብዳል። ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ በቁንፉዛ የሕክምና ኮሌጅ መክፈቱ ከዚህ አንፃር የደመወዝ ጭማሪን ያህል ዋጋ አለው፤ ከገጠር የመጣና በአካባቢው የተማረ ሐኪም እዚያው የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ በብዙ አገሮች ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ከገጠር የመጣን ተማሪ በአካባቢው ማስተማርን ነው።

አሁን የቅጥሩ መልክ ራሱ እየተለወጠ ነው። በ2022 መንግሥታዊው የጤና ሆልዲንግ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከዚያም ሆስፒታሎችን ከጤና ሚኒስቴሩ መረከብ ጀመረ፤ የዕድሜ ልክ የመንግሥት ሠራተኝነትም በኮንትራት እየተተካ ነው። ክፍያው ሊሻሻል ይችላል። ሆኖም ወጣቱን ወደ መንግሥት ይስብ ከነበረው አንዱ ነገር የሥራው ዋስትና ነበር፤ ያ ሲላላ በመንግሥትና በግል ሆስፒታል መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል።

ለንጽጽር ያህል፣ የኢትዮጵያ መንገድ ከዚህ ይለያል። ተመራቂው በግዴታ አገልግሎት ሲታሰር ቆይቷል፤ ግዴታውን ሲጨርስ ግን የሚጠብቀው ክፍያ ትንሽ ነው፤ በግንቦት 2025 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱትም በዚሁ የኑሮ ጥያቄ ነው። ሳውዲ በገንዘብ፣ ኢትዮጵያ በግዴታ ሐኪሞቻቸውን ለማቆየት ሞክረዋል። በሁለቱም ዘንድ በበቂ ያልተሠራበት ነገር የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን ቦታ ሐኪም ወደሚያንስበት ከተማ ማዞር ነው፤ ሐኪም ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ስፔሻሊቲውን በተማረበት ከተማ ነውና።