ቀሪው ስንት ነው?

ፕሮግራሚንግ ለመማር የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን አውቀዋለሁ፤ የሃያ ሰዓት ቪዲዮ ያወርዳል። አስተማሪው የጻፈውን መስመር በመስመር ይገለብጣል፣ ኮዱ ይሠራለታል፣ ደስ ይለዋል። ባዶ ገጽ ከፍቶ ብቻውን ሲቀመጥ ግን ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። ሰርተፍኬቱ ያኔ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ ግድግዳ ላይ ወጥቷል።

ለእንዲህ ያለው ሰው ደጋግሜ የምመክረው፣ እሱም ደጋግሞ የሚንቀው አንድ መንገድ አለ፤ የቁጥር እንቆቅልሽ እየፈቱ ቋንቋውን መማር። ከእንቆቅልሽ ስብስቦች ሁሉ የማስበልጠው ፕሮጀክት ኦይለር የሚባለውን ነው። ኮሊን ሂውዝ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ጀመረው፤ ስሙ የተወሰደው ከ1707 እስከ 1783 ከኖረው የባዝል ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ከሌዎናርድ ኦይለር ነው። ዛሬ ጥያቄዎቹ ከ900 በላይ ናቸው፤ ክፍያ የለም። ጥያቄውን ታነባላችሁ፣ ደስ ባላችሁ ቋንቋ ትሠራላችሁ፣ አንድ ቁጥር ትመልሳላችሁ። ኮዳችሁን የሚጠይቃችሁ የለም፤ በእርሳስና በወረቀት ብትደርሱበትም መልስ መልስ ነው። ስለ አሠራሩ ይህ ይበቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከ1000 በታች ያሉ የ3 ወይም የ5 ብዜቶች ሲደመሩ ስንት እንደሚመጡ ይጠይቃል። ከ10 በታች ቢሆን 3፣ 5፣ 6 እና 9 ናቸው፣ ድምራቸውም 23። ይህችን ለመሥራት አንድ ሉፕ፣ አንድ ቅድመ ሁኔታና ድምሩን የሚይዝ አንድ ቫሪያብል ያስፈልጋል፤ ኮርሶች ሦስት ምዕራፍ የሚያወጡለት ነገር በአምስት መስመር አለቀ። የ3ን ለብቻ፣ የ5ን ለብቻ ደምሮ የሚያጋጥም ሰው ደግሞ 15ን፣ 30ንና ወንድሞቻቸውን ሁለቴ እንደቆጠረ መልሱ ትክክል አይደለም ሲባል ይገባዋል። ማንም ሳይቆጣው ይማራል።

«ይህ የሒሳብ ሊቃውንት ነገር ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ አርባ ጥያቄዎች አሥረኛ ክፍልን በወጉ የጨረሰ ሰው ይሠራቸዋል። የበለጠ የሚያናድደኝ የተቃራኒው ወገን ነው፤ «ኮምፒውተሩ ፈጣን ነው፣ ሁሉንም ይሞክረው» የሚለው። ለእሱ 18ኛውን ጥያቄ አሳየዋለሁ። በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተደረደሩ 15 ረድፍ ቁጥሮች አሉ፤ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ሲወረድ ትልቁን ድምር የሚሰጠው መንገድ ተፈላጊ ነው። መንገዶቹ 16,384 ስለሆኑ ሁሉንም መሞከር ይቻላል። ደስ ብሎት ይጨርስና 67ኛው ጥያቄ ላይ ያንኑ እንቆቅልሽ በ100 ረድፍ ያገኘዋል። አሁን መንገዶቹ 2 ለ99 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን ያህል ናቸው፤ በሴኮንድ አንድ ትሪሊዮን መንገድ ቢፈተሽ እንኳ ከሃያ ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። ከታችኛው ረድፍ ተነሥቶ፣ ከሁለት ጎረቤት ቁጥሮች ትልቁን እየመረጠ ወደ ላይ የሚደምር ሰው ግን በ4,950 መደመር ይጨርሳል። የዚህ ስብስብ ደንብ፣ በደንብ የታሰበ ፕሮግራም በተራ ኮምፒውተር ከአንድ ደቂቃ በታች መልስ መስጠት አለበት ይላል። ላፕቶፑን ሌሊቱን ሙሉ ከፍቶ የሚያድር ሰው የመብራት ክፍያውን ትቶ ጥያቄውን ደግሞ ያንብብ።

መልሱን ከኢንተርኔት የሚቀዳውን፣ ወይም ዛሬ ዛሬ ማሽኑን ራሱን «ፍታልኝ» የሚለውን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ ሰው አኝኮ የተወውን መዋጥ አያጠግብም።

እንቆቅልሾቹ ቋንቋውን የሚያስተምሩት በተለይ ጓዳ ጎድጓዳውን ነው። በክረምት የሰፈር ልጆች ሰብስቤ አስተምራለሁ። አንዷ በጃቫ 14ኛውን ጥያቄ ትሠራ ነበር። ቁጥሩ ለሁለት እኩል ከተከፈለ ግማሹ ይወሰዳል፣ ካልተከፈለ በ3 ተባዝቶ 1 ይጨመርበታል፤ እንዲህ እያለ 1 ላይ እስኪደርስ። ከአንድ ሚሊዮን በታች ካሉ መነሻዎች ረጅሙን ጉዞ የሚጓዘው የትኛው ነው? «ጋሼ፣ ማሽኑ ተሰቀለ» አለችኝ። የት እንደደረሰ እንዲያትም አደረግነው፤ 113,383 ላይ ቆሟል። ይህ ቁጥር በጉዞው መካከል 2,482,111,348 ድረስ ይወጣል። ኢንት የሚባለው የጃቫ የቁጥር ዓይነት ግን ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም፤ ሲሞላ ሳያስጠነቅቅ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። ሰፋ ያለ ቁጥር ወደሚይዘው ወደ ሎንግ ቀየረችው፣ ሠራ። ፓይተን የምትጽፈው ጓደኛዋ ችግሩ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባትም፤ ፓይተን ቁጥሩ የፈለገውን ያህል ቢያድግ ቦታ ይጨምርለታል። የሁለቱን ቋንቋዎች ልዩነት ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምዕራፍ አላየሁም።

ልቤን የሚሰርቀው ግን ቀሪ ነው። ሦስተኛ ክፍል «17 ለ5 ሲካፈል 3 ደርሶ 2 ይቀራል» ብለን፣ በኋላ ዴሲማል ስንማር የጣልነው ያ ቀሪ። በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች በመቶኛ ምልክት የሚጻፍ የራሱ ስሌት ነው፣ ተማሪዎች ግን «ለሁለት ይከፈላል አይከፈልም» ከማለት በቀር አይጠቀሙበትም። ከዚያ የሚያልፉት 19ኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1901 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2000 ድረስ፣ የወር መባቻ እሑድ የዋለው ስንት ጊዜ ነው? ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ሰኞ እንደነበረ ጥያቄው ይነግራችኋል። (ቆጠራው ከ1901 እንጂ ከ1900 እንዳልሆነ ሳያነቡ የሚሮጡ አሉ፤ ይመለሳሉ።) የተዘጋጀ የካሌንደር ላይብረሪ ጠርቶ በሁለት መስመር የሚገላገል ሰው መልሱን ያገኛል፣ እንቆቅልሹን ግን አልነካውም። ቁም ነገሩ 31 ለ7 ሲካፈል 3፣ 30 ሲካፈል 2 መቅረቱ፣ 28 ሲካፈል ደግሞ ምንም አለመቅረቱ ነው፤ ቀኑን የሚገፋው ቀሪው ብቻ ነው።

ልጆቹ ይህን ሲጨርሱ በራሳችን አቆጣጠር አዙሬ ሰጠኋቸው። ከ1901 እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ፣ ጳጉሜንን ጨምሮ፣ ወር እሑድ የገባው ስንት ጊዜ ነው? ሁሉም ሉፕ ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ ወረቀት እንዲያወጡ ነገርኳቸው። አሥራ ሁለቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ስለሆኑ እያንዳንዱ የሚቀጥለውን በ2 ቀን ይገፋዋል። መስከረምን 0 ብንል ጥቅምት 2፣ ኅዳር 4፣ ታኅሣሥ 6 ነው፤ ጥር ሰባትን አልፎ 1፣ የካቲት 3፣ መጋቢት 5 ይሆናል። ሚያዝያ እንደገና 0፣ ግንቦት 2፣ ሰኔ 4፣ ሐምሌ 6፣ ነሐሴ 1፣ ጳጉሜን 3። ቁጥሮቹን ተመልከቷቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ መጥቷል፣ 5 ብቻ፣ የመጋቢት፣ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ዓመት በቀር በየዓመቱ በትክክል ሁለት ወሮች እሑድ ይገባሉ። መጋቢት 1 እሑድ የዋለበት ዓመት ብቻ አንድ ወር ይኖረዋል፤ ያም መስከረም 1 ማክሰኞ የዋለበት ዓመት ነው፣ እንደ 2011 እና እንደ 2016። በመቶው ዓመት ውስጥ ማክሰኞ የገቡት 14 ናቸው። 200 ሲቀነስ 14፣ 186። ሉፑን የጻፉትም ያንኑ አገኙ።

ማክሰኞ የገቡትን ዓመታት ለመለየት የተጠቀምንበት ስሌት ከማንኛችንም አያቶች በፊት የነበረ ነው። ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ ከዳር እስከ ዳር ማካፈልና ቀሪ መያዝ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ለ2016 ይህ 7516 ነው። ለ4 ሲካፈል ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ። የደረሰው ደግሞ መጠነ ራብዒት ነው፤ ከዓመተ ዓለም ጋር ተደምሮ ለ7 ይካፈላል። 7516 እና 1879 ሲደመሩ 9395፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ያለ ቀሪ ከሆነ ሰኞ ነው። ፓይተን ላይ አንድ ያጋደለ ሰረዝ (/) ጽፎ የሚያካፍል ተማሪ እዚህ ይያዛል። 7515 በአንድ ሰረዝ ለ4 ሲካፈል 1878.75 ይሰጣል፤ በዚያ የቀጠለ ልጅ ለ2015 መስከረም 1 ቀኑ 6.75 ነው፣ ማለትም እሑድ ከሦስት ሩብ፣ አለኝ። ለሙሉ ቁጥር ማካፈያ ሁለት ሰረዝ ነው። ከዚያ ወዲህ አልረሳውም።

በዚህ አላበቃንም፤ አበቅቴና መጥቅዕ ቀጠሉ። ዓመተ ዓለም ለ19 ይካፈላል፣ ከቀሪው 1 ይቀነሳል፣ ይህ ወንበር ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው መጥቅዕ ነው። ለ2016 ወንበር 10፣ አበቅቴ 20፣ መጥቅዕ 10። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ መጡ። ልጆቹ ሌሎች ዓመታትም ሞክረው ተስማማላቸው።

የማውቃቸው አንድ መሪጌታ ስክሪኑን ትንሽ አይተው «2005ን አስሉልኝ እስቲ» አሉ። የ2005 ዓመተ ዓለም 7505 ነው፤ ለ19 ሲካፈል ምንም አይቀርም። ከዜሮ ላይ 1 ሲቀነስ ኔጌቲቭ 1። ጃቫ የጻፈችው አበቅቴ ኔጌቲቭ 11 አገኘች፤ ስህተቱ ከሩቅ ይታያል። ፓይተን የጻፈችው 19 አገኘች፣ መጥቅዕ 11፤ ድምሩ 30፤ ደስ አላት። ጃቫ የኔጌቲቭ ቁጥርን ቀሪ ኔጌቲቭ አድርጎ ይሰጣል፣ ፓይተን ደግሞ ወደ ፖዚቲቭ ያዞረዋል፤ ስለዚህ ያው ስህተት በአንዱ ሲጮህ በሌላው አጌጠ። መሪጌታው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አበቅቴው 18፣ መጥቅዑ 12 ነው ልጄ። ያለ ቀሪ ሲሆን ወንበሩ 18 ነው፤ ከዜሮ በታች ወንበር የለም» አሏት።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው፤ መጀመሪያ 1 ቀንሶ ኋላ ለ19 ማካፈል። 7504 ለ19 ሲካፈል 18 ይቀራል፣ በየትኛውም ቋንቋ።

ፓይተን የጻፈችው ልጅ ግን ተከራከረች። በመጥቅዕ ላይ የዋለበት ዕለት ተውሳክ፣ ማለትም ለዚያ የሳምንት ቀን የተመደበው ቁጥር፣ ሲጨመር የነነዌ ጾም የምትገባበት ቀን ይገኛል። ለ2005 በ12 ሠራችው፤ ጥቅምት 12 ሰኞ ነው፣ የሰኞ ተውሳክ 6፣ የካቲት 18። በተሳሳተው 11 ሠራችው፤ ጥቅምት 11 እሑድ፣ ተውሳኩ 7፣ ያው የካቲት 18። «ታዲያ ምን ጎዳኝ?» አለች። ቀጣዩ ለ19 ያለ ቀሪ የሚካፈለው 2024 ነው፤ እዚያም በሁለቱም መንገድ የካቲት 15 መጣ። ፊቷ በራ። ሉፑን ሌላ 19 ዓመት እንድትገፋው ነገርኳት። በ2043 ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፣ ነነዌ የካቲት 20 ትገባለች። የእሷ ኮድ ጥቅምት 11 ላይ ዓርብን አገኘ፣ የዓርብን 2 ጨመረ፣ የካቲት 13 ብሎ አተመ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀድሞ። ቅንፉን ሳትናገር አስተካከለች።