ጊታራችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ገመዱን ፈትሹ!

የፍቅርና የትዳሩን ጉዳይ ለዛሬ እናሳርፈውና ስለ ሌላ ኩርፊያ እናውጋ፤ በጊታርና በኮምፒዩተር መካከል ስለሚፈጠረው ኩርፊያ!

ነገሩ ወዲህ ነው። ድሮ ጊታሩን በኢፌክት ማስጮህ የፈለገ ሰው አምፕሊፋየርና የፔዳል መዓት ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ጓዝ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። እንደ ጊታር ሪግና አምፕሊቲዩብ ያሉ ፕሮግራሞች ዲስቶርሽኑንም፣ ሪቨርቡንም በሄድፎን ያንቆረቁሩታል። ለኪራይ ቤት ኗሪ ከዚህ የበለጠ ጸጋ ከየት ይመጣል? አከራይ አይቆጣ፣ ጎረቤት አይነቃ! ግን ምን ዋጋ አለው? አንዱ "ድምፁ ይዘገያል" ይላል፤ ሌላው "ያጉረመርማል"፤ ሦስተኛው "ይንጣጣል" እያለ ያማርራል።

አንድ የማውቀው የ23 ዓመት ወጣት በዚሁ ሰበብ ለጊታሩ ገዢ አፈላልጎ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚጫወትበት ባንድ "ምት እየቀደምክ አስቸገርከን፣ አትለማመድም እንዴ?" የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ልጁ ግን ሌሊት ሌሊት ሲለማመድ ነው የሚያድረው! ቤቱ ሄጄ ሳየው ጣቱ ጤነኛ ነው፤ በሽተኛው ኮምፒዩተሩ ነው። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርሰው፣ ሳይታወቀው ክሩን ቀድሞ መምታት ለምዷል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ ከክሩ እስከ ጆሯችሁ በተራ ተከተሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሦስቱን ባንዴ ከነካካችሁ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም።

ከዘገየ
ኮምፒዩተር ድምፅን ጠብታ በጠብታ አያሳልፍም፤ ጭልፋው እስኪሞላ ይጠብቃል። የጭልፋው መጠን "በፈር" ይባላል። በሴኮንድ 48,000 ናሙና በሚወስድ ኮምፒዩተር ላይ 1024 በፈር ማለት 21 ሚሊ ሴኮንድ መጠበቅ ነው፤ መግቢያና መውጫው ሲደመር ከ40 ያልፋል። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ከአምፕሊፋየራችሁ 14 ሜትር ገደማ ርቃችሁ ስትጫወቱ አስቡት! በፈሩን ወደ 128 አውርዱት።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የድምፅ ካርዱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር ምረጡ። አሲዮ የጀርመኑ ስታይንበርግ ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መዘግየት ለማሳጠር ያወጣው ነው። ብሉቱዝ ሄድፎንማ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን ከ100 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ያዘገያሉ። የወዳጄም መዘዝ በፈሩና ብሉቱዙ ነበሩ። ባለ ገመድ ሄድፎን ተዋሰ፣ በፈሩን አወረደ፣ ጊታሩም ሳይሸጥ ቀረ። የለመደውን የጣት ጥድፊያ ለመተው ግን ሳምንታት ፈጅቶበታል።

ከተንጣጣ
በፈሩን ከመጠን በላይ ካሳነሳችሁት ኮምፒዩተሩ መድረስ ያቅተውና ድምፁ እየተቆራረጠ ይንጣጣል። አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት፤ ከ128 ወደ 256። ዋይፋዩን አጥፉ፤ ባትሪ መቆጠቢያውንም እንዲሁ። የድምፅ ካርዱን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። የሚሰነጠቀው ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የጌኑ ነው። ቀዩ መብራት እየበራ ነው ማለት ነው፤ ቀንሱት።

ካጉረመረመ
የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ሄርዝ ነው፤ "ምምምም" የሚለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል። መጀመሪያ የጊታሩን ቮሊዩም ዜሮ አድርጉ። ጉርምርምታው ካልጠፋ ገመዱን ቀይሩ፤ ከዚያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ቻርጀሩ ሲነቀል ጸጥ ካለ ሌባው ተያዘ፤ በባትሪ ተጫወቱ።

ቮሊዩሙ ሲዘጋ ከጠፋ ደግሞ ምንጩ ጊታሩ ላይ ያለው ፒካፕ ነው። ወንበራችሁን ዞር ዞር አድርጉ፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ ጸባዩ ነው። ሴት ላቨር የተባለ የጊብሰን ባለሙያ በ1955 እ.ኤ.አ. ሁለት ጥቅል ያለውን ሃምበከር የሠራውም ይህንን ለመገላገል ነበር። ከኮምፒዩተሩ ራቅ በሉ፣ ዲስቶርሽኑንም ቀነስ አድርጉ፤ እሱ ጉርምርምታውንም አብሮ ነው የሚያጎላው።

ከቀጠነ
ጊታር በቀጥታ የማይክ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ድምፁ ይደበዝዛል። የድምፅ ካርዱ ላይ "ኢንስትሩመንት" ወይም "ሃይ ዚ" የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኑት። ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ከሆነባችሁ ደግሞ የላፕቶፑን አካል በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ። ጭረቱ በሄድፎኑ ከተሰማ፣ ፕሮግራሙ ጊታሩን ትቶ የላፕቶፑን ማይክ እየሰማ ነው! መግቢያውን ቀይሩ። ድምፁ ሁለት ሁለት ሆኖ ከመጣም "ዳይሬክት ሞኒተር" የሚለውን አጥፉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካስቸገረ? የጓደኛችሁን ገመድና የድምፅ ካርድ ለአንድ ምሽት ተዋሱ። በእሱ ከሠራ የምትገዙትን አወቃችሁ ማለት ነው። ገበያ የሚወጣው ያኔ ነው!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!