ስለርም፦ የክላስተር ወረፋ አስከባሪ

በ1888 ዓ.ም. የወጣው የዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ የሸዋን ጦር የቀጠረው ወረኢሉ ላይ ነበር። ያን ያህል ሰው አንድ ቦታ ሲከት ማን ቀድሞ እንደሚነሣ፣ ውኃውና ግጦሹ ለስንት እንደሚበቃ የሚቆርጥ አዛዥ የግድ ነው። ብዙ ተመራማሪ በሚጋራው የሊኑክስ ክላስተር (የተያያዙ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ላይ ይህን የሚቆርጠው ስለርም የተባለ ሶፍትዌር ነው።

ስለርም እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ በሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተጀመረ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ፈቃድ አይገዛም። በአቅራቢያችን ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ)፣ አንዱ ዋና ግቢው አዲስ አበባ ያለው፣ ናይሮቢ በሚገኘው ክላስተሩ ይጠቀምበታል።

አንዲት ተማሪ የወሎን በግ ዘረመል ታጠናለች እንበል። “8 ኮር፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ 12 ሰዓት” ብላ በአጭር ፋይል ትጽፍና ኤስባች በተባለው ትእዛዝ ታስገባለች። ስለርም ቦታ ሲያገኝ ሥራዋን ያስጀምራል፤ ሰዓቷ ካለቀ ያቋርጣል። ትልቅ ሥራ ቦታ እስኪለቀቅለት በሚጠብቅበት ክፍተት አጭር ሰዓት የጠየቀ ገብቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰዓትን ማጋነን የሚጎዳው ራስን ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ገደቡ ላይ ነው። ተማሪዋ 32 ጊጋባይት ብላ መጻፏ ብቻውን ከዚያ በላይ ከመውሰድ አያግዳትም። ገደቡን የሚያስከብረው ሲግሩፕ የተባለው የሊኑክስ ከርነል ክፍል ሲሆን፣ የራም እገዳው አስተዳዳሪው ካላበራው በቀር ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ካልበራ አንድ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ራም ጠራርጎ ይወስዳል፤ ከርነሉም ራም ለማስለቀቅ የሌላ ሰው ሥራ ሊገድል ይችላል። የቀናት ስሌት እንዲህ ሲጠፋ ባለቤቱ ምክንያቱን እንኳ አያውቅም። ሌላም አለ፦ ራም እንደ ኮር ሁሉ እንዲቆጠር ተደርጎ ለአንድ ኮር የሚሰጠው መነሻ መጠን ካልተወሰነ፣ ራም ያልጠየቀ ሥራ የኮምፒውተሩን ራም በሙሉ ይይዛል፤ ኮሮቹ ሥራ ፈተው ሌላው ይሰለፋል።

መካነ ሰላም ላይ ግቢ እንዳለው መቅደላ አምባ ባሉ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የምትሠሩ የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ ስለርምን ለመጠቀም ሱፐርኮምፒውተር አትጠብቁ። በሁለትና ሦስት ሰርቨር ጀምሩ። ገደቦቹን ግን የመጀመሪያው ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት አብሩና ሆን ብሎ ራም በሚያባክን ፕሮግራም ፈትኗቸው።