ቪትዝ ወይስ ላንድ ክሩዘር?

መርካቶ ሱቅ ያለው ሰው እጁ ገንዘብ ሲገባ ልቡ ወደ ላንድ ክሩዘር ያዘነብላል። ሂሳቡን ለሠራ ግን ቪትዝ ትበልጣለች። ሞተሯ በአብዛኛው 1 ሺህ ሲሲ ገደማ ስለሆነ ቤንዚን ትቆጥባለች፤ በአይሱዙና በተሸካሚ መካከል ትሾልካለች፤ መለዋወጫዋም ከሶማሌ ተራ አይጠፋም። ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ ላንድ ክሩዘር የሚያምርበት የመተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን እየጠቀሱ «ላንድ ክሩዘር አይረክስም» የሚሉ ደላሎች አሉ። ክልከላው ግን ቪትዝንም ይመለከታል።

አደጋው ያለው ሊብሬው ላይ ነው። በእርዳታ ድርጅት ወይም በኢንቨስትመንት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ ላንድ ክሩዘር ጥቂት አይደለም። ይህን መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ለማዞር አስቀድሞ ቀረጡና ታክሱ ለጉምሩክ መከፈል አለበት። «በርካሽ አገኘሁ» ያለ ገዢ ዕዳው እሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቀብድ ከመስጠት በፊት ደላላው ቢቆጣም ዲክላራሲዮኑን ማየት ነው።

በዓመት ሁለቴ መተማ የሚወርድ ከነሾፌሩ ይከራይ፤ የተረፈው ገንዘብ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ይሁን። በአጨዳ ወራት በየሳምንቱ የሚመላለሰው ግን ይግዛ።