አየር የሚያድል ጨርቅ

በአውሮፓ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ገብቶ ወደ ጣሪያው ቀና ያለ ሰው ከመደርደሪያዎቹ በላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ነጭ ወይም ሰማያዊ ወፍራም ቱቦ ሊያይ ይችላል። ከታች ሲያዩት ቀለም የተቀባ ላሜራ ይመስላል። ሲነኩት ግን ጨርቅ ነው። ቅርጹን ይዞ የቆመውም በውስጡ በሚያልፈው አየር ተነፍቶ ነው።

ይህ የጨርቅ አየር ማስተላለፊያ በስፋት መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዴንማርክ ነው። የምግብ ማዘጋጃ ፋብሪካዎች አዳራሻቸውን ማቀዝቀዝ ግድ ይላቸዋል፤ ከላሜራ ቱቦ በኃይል የሚወጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራውን ሰው አንገትና ትከሻ ያሳምማል። ቅዝቃዜው እንዲደርስ፣ ነፋሱ ግን እንዳይመታ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። መፍትሔው ከዚያ ወደ ስፖርት አዳራሾች፣ ወደ መጋዘኖችና ወደ ገበያ አዳራሾች ተዛመተ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማራገቢያው ከውጭ የሳበውን አየር በማጣሪያ አሳልፎ ወደ ቱቦው ይገፋዋል። የቱቦው ጫፍ የተዘጋ ስለሆነ በውስጡ መጠነኛ ግፊት ይፈጠራል፤ 100 ፓስካል ገደማ ነው፣ ከባሕር ወለል የአየር ግፊት አንድ ሺህኛው ማለት ነው። ጨርቁን ወጥሮ ለማቆም ይህ ይበቃል። አየሩ የሚወጣው በጨርቁ ድርና ማግ መካከል ሾልኮ ወይም በሌዘር በተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ርቆ መድረስ ሲኖርበት ቀዳዳዎቹ ሰፋ ይደረጋሉ። በደቡብ ጎንደር የብረት ሠሪ ወናፍ እያየ ላደገ የጋይንት ወይም የእስቴ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ወናፉም ለስላሳ ቆዳ ሆኖ ሳለ ነፋስ ይዞ ፍም ያቀጣጥላል። ወናፉ ነፋሱን በአንድ አፍ ሲያጎርፈው፣ ይህ ጨርቅ በመላ አካሉ ቀስ አድርጎ ያድለዋል።

ለሱቅ የሚበጀውም ይህ እደላ ነው። ወተት፣ ሥጋና አትክልት የሚደረደርባቸው በር የሌላቸው ማቀዝቀዣዎች ቅዝቃዜያቸውን የሚጠብቁት ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ስስ የአየር መጋረጃ ነው። ከጣሪያ የሚመጣ ብርቱ ነፋስ ያንን መጋረጃ ከበተነው ቅዝቃዜው ወደ መተላለፊያው ይፈስሳል፣ ማቀዝቀዣው ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ የመብራት ክፍያውም ይንራል። ከጨርቅ ሾልኮ የሚወጣ አየር መጋረጃውን አይነካውም።

ሌላም ጥቅም አለው። ቀዝቃዛ አየር የሚያሳልፍ ላሜራ በእርጥብ አዳራሽ ውስጥ ላብ ያወጣል፤ ጠብታውም በዱቄቱና በብስኩቱ ካርቶን ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው ላሜራ መሸፈኛ የሚደረብለት። አየር የሚያሳልፈው ጨርቅ ግን ከየቀዳዳው የሚወጣው አየር እርጥቡን ከፊቱ ስለሚያርቅለት አያልበውም።

ክብደቱን እናስላው። 50 ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ቱቦ 94 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ አለው። ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር በሆነ ላሜራ ቢሠራ ከ440 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በካሬ ሜትር ሩብ ኪሎ በሚመዝን ፖሊስተር ቢሰፋ 24 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህን በተወጠረ ሽቦ ላይ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ቀላል የቆርቆሮ ጣሪያም ይችለዋል። ክፍሎቹ በዚፕ የሚያያዙ ስለሆኑ ሲቆሽሹ አውርዶ በማጠቢያ ማሽን ማጠብ ነው። በበጋ አቧራ ለሚጨስባቸው የወረዳ ከተሞች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የላሜራን ቱቦ ውስጡን ማን ያጥበዋል?

ችግር የለበትም ማለት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ ጨርቁም ይረግባል። ሲመለስ በድንገት ስለሚነፋ በጥፊ የተመታ ያህል ይጮኻል፤ ደጋግሞ ሲሆን ስፌቱን ይጎዳል። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ውስጡ ቀለበት የገባበትን ዓይነት መምረጥና ማራገቢያውን ቀስ ብሎ የሚያስነሳ መቆጣጠሪያ መግጠም ያስፈልጋል። በአገር ቤት የጥጥ ሸማ ልስፋው የሚል ቢመጣ ደግሞ መከልከል አለበት፤ ጥጥ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ለዚህ ሥራ የሚውለው ጨርቅ እሳትን የመቋቋም ፈተና ያለፈ መሆን ይኖርበታል።

በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ደግሞ የከፍታ ጉዳይ አለ። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው የሚገፋው መጠን ባይቀንስም አየሩ የሚሸከመው ሙቀት ይቀንሳል። በባሕር ወለል ልክ የተሠላ መሣሪያ እዚያ ቢተከል ያንኑ ሥራ ለመሥራት አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር መግፋት አለበት። ካታሎግ አይቶ የሚገዛ ነጋዴ ይህን መሐንዲስ ካልነገረው አያውቀውም።

ፍላጎቱም በየቦታው ይለያያል። ከጉና ሥር ያለ ደገኛ የሚቸግረው ብርድ እንጂ ሙቀት አይደለም፤ የእሱ አዳራሽ ንጹሕ አየር በዝግታ ቢገባለት ይበቃዋል። ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርደው የስማዳ ቆላና በታች ጋይንት ዝቅተኛ ቦታዎች ግን ሙቀቱ ራሱ ዕቃ ያበላሻል።

ለአንዲት ጠባብ ሱቅ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች፣ አንዱ ዝቅ አንዱ ከፍ ብሎ፣ ከማንኛውም ቱቦ ይሻሏታል። ደገኛው ነጋዴ በሩን ዘግቶ ከሰል የሚያነድድ ከሆነ መስኮቶቹ ነፍስ ያድናሉ፤ የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውምና።

የጨርቁ ቦታ ትልቁ አዳራሽ ነው። በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስ፣ በወገዳም ሆነ በአርብ ገበያ የገበያ ማዕከል ለመሥራት የምታስቡ ባለሀብቶች፣ የአየሩን ጉዳይ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ፕላኑ ሲነደፍ አንሡት። መሐንዲሳችሁን የላሜራውንም የጨርቁንም ዋጋ በከተማችሁ ከፍታ ልክ አሠርታችሁ አወዳድሩ።